ባዶ ጀሪካን

መቼም ሃያሲ ነኝ የሚል ሰው ሁሉ አንድ የሚያፍርበት ጽሑፍ አለው። የለኝም የሚል ካጋጠማችሁ ወይ ገና ጀማሪ ነው፣ ወይ የጻፈውን መልሶ አያነብም። የእኔዋ አንድ አንቀጽ ናት። ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። ጋዜጣው ከእጄ ጠፍቷል፤ አንቀጿ ግን በቃሌ አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ ሥነ ጽሑፍ የማስተምር፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ፣ የማውቀውን ሁሉ ባንድ ቀን ካልተናገርኩ የሚያመኝ ሰው ነበርኩ። አዲስ አበባ ካሉት ቴአትር ቤቶች ባንዱ (ስሙ ይቅር) የታየ ቴአትር ላይ ሂስ ጻፍኩ። በቴአትሩ ውስጥ ዋናው ተዋናይ ስልክ ያነሳል። ስልኩ የጮኸው ግን ካነሳው በኋላ ነው። አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሳቄ አልበቃ ብሎኝ ቤቴ ገብቼ ጻፍኩት። ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ሰውዬ ማንኮራፋቱ እኛ ዘንድ ድረስ ይሰማ ነበር፣ እንቅልፉን ስለረበሽነው ይቅርታ እንጠይቀዋለን፣ ምናምን ብዬ። ወዳጆቼ እየደወሉ ያቺን አንቀጽ በቃላቸው ይደግሙልኝ ጀመር። ስለ ተውኔቱ አወቃቀር የደከምኩበትን ሁለት ዓምድ ተኩል ያነሳልኝ ሰው ግን አንድም አልነበረም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር። አላለቀም፤ ወደ ደቡብ ወርዶ ጠበቀኝ።

ዱብሉቅ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ያቤሎን አልፈው ሜጋ ሳይደርሱ የምትገኝ የቦረና ከተማ ናት። የሚያስጠራት ሁለት ነገር ነው፤ የከብት ገበያዋና ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶቿ። ዓመተ ምሕረቱ 1996 ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መታደል ገና አልጀመረም፤ የጀመረው በተከታዩ ዓመት ነው። በሽታው በትልልቆቹ መንገዶች ላይ ከመኪና ጋር አብሮ ይጓዛል ስለተባለ፣ ቴአትርም በመኪና ተጭኖ እንዲከተለው ተወሰነ። አንድ የረድኤት ድርጅት ገንዘብ ሰጠ፣ ስምንት ወጣት ተዋንያን ተሰበሰቡ፣ እኔም "የድራማ አማካሪ" ተብዬ ተጨመርኩ። (አማካሪ ማለት በግልጽ አማርኛ አበል የሚበላ ተመልካች ማለት ነው።) ከተዋንያኑ፣ ከአዘጋጁና ከሾፌሩ ሌላ አንድ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው አብረውን ነበሩ። ሁላችንም "ጋሼ" ብቻ ነበር የምንላቸው። አበል በተከፈለን ቀን ፔሮሉን አየሁት። በሥራ ድርሻ ዓምዱ ላይ በእኔ ስም ትይዩ "አማካሪ"፣ በልጆቹ ስም ትይዩ "ተዋናይ" ይላል። በጋሼ ስም ትይዩ የተጻፈው "ልዩ ልዩ" ነው።

ያቤሎ ባደርንበት ምሽት ጥብስ አዘን ስንጠብቅ፣ ጋሼ እጃቸውን ታጥበው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

"መምህር፣ ያቺን የስልክ ጽሑፍ የጻፍካት አንተ ነህ አይደል?"

ሙገሳ መሰለኝ። "አነበቧት እንዴ?" አልኳቸው፣ ፈገግ ብዬ።

"አነበብኳት። ደወሉ እኔ እጅ ነበር።"

ከዚያ በኋላ የቀረበው ጥብስ በየት በኩል እንደወረደ አላውቅም። ጋሼ ግን ነገሩን የነገሩኝ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሆነው ነው። ስልኩ ስልክ አይደለም፤ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የበር ደወል ነው። መጫኛው እሳቸው እጅ፣ ተውኔቱ ጉልበታቸው ላይ። የዚያን ምሽት ተዋናዩ ቃሉ ጠፋበትና ሁለት ገጽ ሙሉ ዘሎ ስልኩ ዘንድ ደረሰ። እሳቸው ሁለቱን ገጽ ገልጠው የደረሰበትን እስኪያገኙ ልጁ "ሄሎ" ብሏል። ደወሉ አልዘገየም ማለት ነው፤ ልጁ ነው የቸኮለው። "ግን እኔም ተሳስቻለሁ" አሉ ጋሼ። "ዝም ብል ኖሮ ልጁ ራሱ ሊደውል ያነሳ ነበር የሚመስለው። ዝም ማለት ነበረብኝ። በኋላ ነው የገባኝ።"

እኔ ሃያሲው ያንን ቴአትር አይቼ፣ ጽፌ፣ ተመስግኜ ይህ ሐሳብ አልመጣልኝም ነበር።

ጋዜጣው ተቆርጦ ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጋር ፋይላቸው ውስጥ ገባ። በዓመቱ ውላቸው ሳይታደስ ቀረ። "በአንተ አይደለም፤ ሌላም ሌላም ነገር ነበር" አሉኝ። ይህን ያሉት እውነት ሆኖ ይሁን፣ ወይም ጥብሱን በሰላም እንድበላ ይሁን፣ እስከ ዛሬ ሳብሰለስለው እኖራለሁ። ሰው ይቅርታ ለመጠየቅ መጀመሪያ መከሰስ ያሻዋል መሰለኝ። ጋሼ አልከሰሱኝም፤ የእኔም ይቅርታ አፌ ላይ ቀረች።

በማግስቱ ጠዋት ዱብሉቅ ገባን። መድረካችን የአይሱዙ መኪና ነው፤ ጎኑ ሲከፈት ወለሉ መድረክ፣ ከኋላ የተወጠረ ሸራ ደግሞ መጋረጃ ይሆናል። ጋሼ ከመኪናው እንደወረዱ የመጀመሪያ ሥራቸው የሸራ ቦርሳቸውን መፍታት ነበር። እኔም፣ ከማታው ጨዋታ በኋላ ሌላ የምሆነው ስላጣሁ፣ ቆሜ አየኋቸው።

ሁለት የእጅ ባትሪ አወጡ። የአንደኛው መስታወት ላይ ሰማያዊ ፕላስቲክ በላስቲክ ታስሯል፤ ማታ ሲሠራ ብርሃኑ ወደ ተመልካች እንዳይፈነጥቅ። ጠመኔ፤ የወንበሩ እግር የሚያርፍበትን ቦታ ወለሉ ላይ ለማመልከት። መርፌ ቁልፍ ከትልቁ እስከ ትንሹ፣ በቁራጭ ጨርቅ ላይ እንደ ወታደር ተሰልፎ። መርፌ፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ ክር የገባበት። "ክሩ አስቀድሞ ገብቶ ነው የሚጠብቀው፤ ቀሚስ ሲተረተር መርፌ ቀዳዳ የሚፈልግ ሰው መድረክ አይሠራም" ይላሉ። ፒንሳ፣ ሽቦ፣ ሲባጎ፣ ፕላስተር፣ ሻማና ክብሪት። ኩልና ቫዝሊን። ለሽበት የሕፃን ፓውደር። ዱቄት የሚነሰንሱም አሉ አሉኝ፤ ግን ተዋናዩ ያልበው እንደሆነ ግንባሩ ላይ ሊጥ ይሆናል። እስክሪብቶ የለም፣ እርሳስ ነው፤ በልምምድ የሚለወጠው ብዙ ነውና። የራስ ምታት ክኒን። ጉሮሮው ለሚደርቅ ልጅ ከረሜላ፤ ያውም ወረቀቷ አስቀድሞ ተልጦ፣ እንዳትንኮሻኮሽ። አንድ ጥቁር ሹራብ። በመጨረሻም ሁለት ትልልቅ ካልሲ። "ይሄስ?" አልኳቸው። ጫማ ላይ የሚጠለቅ ነው፤ ጣውላው እንዳይጮህ።

ቦርሳው ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ላይ ቢሸጥ የእኔን የሁለት ቀን አበል አያወጣም። ግን አንዱም እንዲያው የገባ አይደለም። እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ጊዜ የሆነ ቦታ ላይ ደርሶ ያሳፈረ ነገር መታሰቢያ ነው። ከረሜላዋን ለምን አስቀድመው እንደሚልጧት ስጠይቃቸው፣ አንድ የሞት ትዕይንት ላይ የሆነውን አጫወቱኝ። ሬሳው ሳይቀር ሳቀ አሉ።

እኔ ደግሞ ምን ነበርኩ? ለስንት ዓመት ድራማ ያስተማርኩ ሰው። ድራማ ስል ግን መጽሐፍ ማለቴ ነው። አሪስቶትል ትራጄዲን በስድስት ክፍል ከፍሎ፣ ለዓይን የሚታየውን ነገር ከመጨረሻው እንዳስቀመጠውና ይህ ከባለቅኔው ጥበብ ይልቅ የመድረክ ዕቃ ሠሪው ሙያ ነው ብሎ እንዳለፈው ለተማሪዎቼ አስጽፌያለሁ። እኔም እንደ እሱ አለፍኩት። ተክለሐዋርያት ተክለማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ የአማርኛን የመጀመሪያ ዘመናዊ ተውኔት ጻፉ፣ ገጸ ባህርያቱም አውሬዎች ናቸው ብዬ አስተምሬያለሁ፤ የአውሬዎቹን ልብስ ማን ሰፋው ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት የመኮንን እንዳልካቸው "ዳዊትና ኦርዮን" እንደታየ ፈተና ላይ ሁሉ አውጥቻለሁ። የዚያን ዕለት መጋረጃውን የሳበው ሰው ግን በእኔ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ተወልዶ አያውቅም።

ወደ ዱብሉቅ ልመለስ። ተውኔቱን ሁለት የአካባቢው መምህራን ወደ ኦሮምኛ መልሰውታል። የእኔ ኦሮምኛ ከሰላምታ አያልፍም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉን መከታተል የማልችለው ቴአትር ገጠመኝ። አማካሪው ምን ያማክር? ቃሉ ሲጠፋብኝ ጊዜ ማየት ጀመርኩ እንጂ፣ ወድጄ አይደለም።

ታሪኩ ስለ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ሚስት ነው። የመጀመሪያው ትዕይንት ላይ ሴትዮዋ ውኃ ቀድታ ትመለሳለች። በልምምዱ ላይ ተዋናይቷ ቢጫ ጀሪካን በሁለት ጣት አንጠልጥላ ወጣች። ባዶ ነው። ልምምዱን ለማየት መኪናውን የከበቡ ሴቶች ነበሩ፤ በሳቅ ፈረሱ። የሚያስተረጉምልንን መምህር ምን አሉ ብለን ጠየቅነው። አፈር ብሎ፣ "ይቺ ልጅ ውኃ ቀድታ አታውቅም ነው የሚሉት" አለን።

አዘጋጁ ልጅ ተቆጣ። "ምልክት እኮ ነው! ተመልካች ይረዳዋል!" እኔም አማካሪነቴ ትዝ አለኝና አገዝኩት። በመድረክና በተመልካች መካከል ስላለው ስምምነት አንድ ሩብ ሰዓት ያህል አስረዳሁ። ጣውላው ቤት ነው ከተባለ ቤት ነው፣ ጀሪካኑም ሙሉ ነው ከተባለ ሙሉ ነው አልኩ። ጋሼ ሲባጎ እየገመዱ ሰሙኝና፣

"መምህር፣ ስምምነት ሁለት ወገን ይፈልጋል። ሴቶቹን ጠየቅሃቸው?" አሉ።

ከዚያም መምህሩን አስከትለው ወደ ጉድጓዶቹ ሄዱ። እኔም ተከተልኳቸው። የሄዱት ውኃ ፍለጋ አልነበረም፤ ሴቶቹ ጀሪካን እንዴት እንደሚሸከሙ ለማየት ነው።

ዱብሉቅ "ቱላ ሰግላን" ከሚባሉት ዘጠኙ የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች የሚገኙባት አንዷ ሥፍራ ናት። ከብቱ በተዳፋት ተቆፍሮ በተሠራው መንገድ ወርዶ ከገንዳው ይጠጣል። ከገንዳው ወዲያ ደግሞ ጉድጓዱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። በዚያ ውስጥ ሰዎች አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ሽቅብ ይልኩታል፤ ባዶው ደግሞ በዚያው ቁልቁል ይመለሳል። ድሮ የቆዳ ነበር፣ "ኦኮሌ" ይሉታል፤ እኛ በሄድንበት ሰዓት ፕላስቲክም ገብቶበታል። እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ። ለዚህ ነው ጎብኚዎች "የሚዘፍኑት ጉድጓዶች" የሚሏቸው። ጎብኚ ከላይ ሆኖ ዘፈኑን ይሰማል፣ ከብቱን ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። ሰዎቹን አያያቸውም፤ ጨለማ ውስጥ ናቸው።

ጋሼ ብዙ ሰዓት ቆመው ሰሙ። ማን ቀድሞ ከብቱን ያጠጣል የሚለውን የሚያስከብር ሰው አለ ተባልን፤ "አባ ሄሬጋ" ይባላል፣ የተራው አባት እንደማለት ነው። ዘፈኑ ቢቋረጥስ ብለው በመምህሩ በኩል አስጠየቁ። እጅ ይሳሳታል፣ ባልዲው ታች ባለው ሰው ላይ ይወርዳል ተባሉ። ዘፈኑ ለካ ጌጥ አይደለም፤ የመቀባበያው ምልክት ነው። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ምንም አላሉም። እኔ በበኩሌ አንድ ያነበብኩት ነገር ትዝ አለኝ። በአውሮፓ ቴአትር ቤቶች ከመጋረጃ ጀርባ ማፏጨት ነውር ነው። ምክንያቱ እንደሚተረከው፣ የመድረኩን ገመድ የሚጎትቱት የቀድሞ መርከበኞች ስለነበሩና በፉጨት ይግባቡ ስለነበር፣ አንዱ ዝም ብሎ ቢያፏጭ የተሰቀለው ጣውላ ባናቱ ላይ ሊወርድበት ይችላል። እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ ይህን ለጋሼ ብነግራቸው፣ "እኛ ጋ ደግሞ የሚያፏጨው ተመልካቹ ነው" አሉኝ።

ሴቶቹ ጀሪካን የሚሸከሙት በጀርባቸው ነው፤ ገመዱ ደረታቸው ላይ ዞሮ፣ ወገባቸው ጎበጥ ብሎ። ጋሼ ይህን አይተው ከተማ ሲመለሱ ከኪሳቸው ከፍለው ጀሪካኑን በውኃ አስሞሉት። ሃያ ሊትር፣ ሃያ ኪሎ። ተዋናይቷ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ አንገራገረች። ሁለት ሴቶች መጥተው ገመዱን አሰሩላት፣ አጎንብሰው አሳዩዋት፣ በመጨረሻም ተነሳች። ስትነሳ ያወጣችው ድምፅ ተውኔቱ ውስጥ የለም። ሴቶቹ በዚህ ጊዜ አልሳቁም።

ቴአትሩ አሥር ሰዓት ላይ ሊጀመር ነፋስ ተነሳ። የቦረናን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቀዩን አቧራ ይዞ ነው የሚመጣው። ሸራው ከግራ በኩል ተገነጠለ። ጋሼ ሁለት መርፌ ቁልፍ ሰኩበት፤ አልበቃም። ዙሪያቸውን አዩ። ሥራ የሌለው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

"መምህር፣ ይህችን ጫፍ ያዝ። እንዳትለቃት።"

ያዝኩ። አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ የመጋረጃ ጫፍ ይዤ ቆምኩ። ጫማዬ ላይ የጋሼ ካልሲ ጠልቋል። እንዴት እንደምመስል ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም፤ ክንዴ ሊገነጠል ነው። ከቆምኩበት የማየው የተዋንያኑን ጀርባና በእነሱ መሐል የተመልካቹን ፊት ነው። ያን ያህል ቴአትር አይቻለሁ፣ የተመልካች ፊት ግን አይቼ አላውቅም ነበር፤ ሃያሲ የሚቀመጠው ፊት ለፊት ነዋ! ሰው ሲሰለቸው ፊቱ ላይ ምን እንደሚመጣ፣ ከመሳቁ በፊት ምን እንደሚያደርግ፣ እናት ልጇን ዝም የምታሰኘው የትኛው ቃል ላይ እንደሆነ፣ ይህ ሁሉ ከመጋረጃ ጀርባ ላሉት ሰዎች የየዕለት ንባባቸው ነው።

ሴትዮዋ የደም ምርመራዋን ውጤት የያዘ ወረቀት የምትቀበልበት ትዕይንት መጣ። በአንድ እጇ ከጀሪካኑ የቀዳችው ውኃ በጣሳ አለ። ወረቀቱን ስታነብ እጇ እንዲንቀጠቀጥ ተውኔቱ ያዛል። በልምምድ ጣሳው ባዶ ነበር፤ አሁን ሙሉ ነው። ተንቀጠቀጠችና ውኃው ፈሰሰ።

"ቢሻን! ቢሻን!"

ከተመልካቹ መሐል አንዲት አሮጊት ብድግ ብለው ነው። ውኃው! ውኃው! ሌሎቹም ተቀበሏቸው። ተዋናይቷ ደነገጠች። ቃሏ ጠፋባት፣ ወረቀቱን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ውኃው ከጣሳው እየተንጠባጠበ ነው። ያኔ አጠገቤ፣ ከጆሮዬ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ሹክሹክታ ሰማሁ።

"ወረቀቱን ተይው። ውኃውን አድኚ።"

ልጅቷ ወረቀቱን ለቀቀችው፤ ነፋሱ ወሰደው። በሁለት እጇ ጣሳውን ይዛ ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። ከዚያ ተቀመጠችና አለቀሰች። የተመልካቹን ፊት እያየሁ ነበር አልኳችሁ። አሮጊቷም ቀስ ብለው ተቀመጡ። የሞት ዜና ደርሷት እንኳ ውኃ የማትደፋ ሴት ምን ዓይነት ሴት እንደሆነች ዱብሉቅ ላይ ማስረዳት አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ድረስ የሳል ድምፅ እንኳ አልነበረም።

እንግዲህ ፊት ለፊት ተቀምጬ ቢሆን ምን እጽፍ እንደነበር ልንገራችሁ። "ተዋናይቷ በቅጽበታዊ ብልሃት" ብዬ እጀምራለሁ። ቀጥዬ "የደራሲው የውኃ ተምሳሌትነት" እላለሁ። ደራሲው አዲስ አበባ ሆኖ ሲጽፍ ጣሳው ውስጥ ውኃ አልነበረም፤ ውኃውን የጨመሩት "ልዩ ልዩ" የተባሉት ሰውዬ ናቸው።

እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሂስ ይህ በሽታ አለበት። ቶማስ ራይመር የተባለ እንግሊዛዊ ሃያሲ በ1693 እ.ኤ.አ. በሼክስፒር "ኦቴሎ" ላይ ተሳልቋል፤ ይህን ሁሉ ሞትና ዋይታ ለአንድ መሃረብ! ብሎ። በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ያነበባችሁት ታስታውሱታላችሁ፤ መሃረቡ ወድቆ ባይነሳ፣ ከእጅ ወደ እጅ ባይዞር ዴዝዴሞና አትሞትም ነበር። ራይመር ያልታየው ነገር ምን መሰላችሁ? ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ መሃረቡ በልጅቷ እጅ መኖሩን ሳያረጋግጥ መጋረጃ የማያስከፍት አንድ ሰው መኖሩ ነው። ያ ሰው ቢረሳ ኢያጎ ምን ይዞ ነው የሚያሴረው?

ሌሎች አገሮች የተሻለ ያስባሉ ለማለት አይደለም። ጃፓኖች በካቡኪ ቴአትራቸው ላይ "ኩሮኮ" የሚሏቸው ሠራተኞች አሏቸው፤ ከአናት እስከ እግር ጥቁር ለብሰው፣ ፊታቸውን ሸፍነው፣ ተመልካች እያየ መድረክ ላይ ወጥተው ዕቃ ያቀብላሉ። ተመልካቹ ግን እንዳላየ ይሆናል። ቢያንስ ስምምነቱ በይፋ ነው። እኛ ጋ ያለው ሳይስማሙ አለማየት ነው። ብሬሽት ደግሞ ሚስቱ ሄለነ ቫይገል የመድረክ ዕቃዎቿን እንዴት እንደምትመርጥ የሚያወድስ ግጥም ጽፏል፤ ለዕቃ ግጥም! ሮናልድ ሃርዉድ በ1980 እ.ኤ.አ. በታየው "አልባሹ" ብለን ልንተረጉመው በምንችለው ተውኔቱ ላይ የባሰ ነገር አሳይቷል። አንድ ያረጀ ታላቅ ተዋናይ ይሞታል። ልብሱን ሲያለብሰው፣ ሲያባብለው፣ ቃሉን ሲያስታውሰው የኖረው ሰው የሟቹን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ መታሰቢያነት ይገልጣል። አናጺዎቹ፣ መብራት ሠራተኞቹ ሳይቀሩ ተመስግነዋል። አልባሽ የሚል የለም። ይህን ሳነብ ፔሮሉ ላይ ያለችው ሁለት ቃል ናት የታወሰችኝ።

ዛሬ ነገሩ ተሻሽሏል የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። የእጅ ባትሪው ስልክ ሆኗል፣ ደወሉ ከኮምፒዩተር ይጫናል፣ ማይክራፎን ጃኬት ላይ ይሰካል። እውነት ነው። ግን በቴሌቪዥን ድራማ መጨረሻ ስሞቹ እንዴት እንደሚሮጡ አይታችኋል? የእናቱ ስም ቢኖርበት እንኳ አንብቦ የሚደርስ ሰው አላየሁም። የቴአትር ሂስ የሚጽፉ ልጆቻችንም፣ ተማሪዎቼ የነበሩ አሉባቸው፣ ጭብጥ፣ ሴራ፣ የገጸ ባህርይ አሳሳል እያሉ ይወርዱና ስለ አልባሳትና ስለ መብራት ሲደርሱ "ጥሩ ነበር" ወይም "ሊሻሻል ይገባዋል" ብለው ባንድ መስመር ይዘጋሉ። ማን አስተማራቸው? እኔ! የፈተናው ማርክ አከፋፈል ራሱ እንደዚያ ነበር። ስለዚህ አልቆጣቸውም። አንድ ነገር ብቻ እጠይቃቸዋለሁ፤ ስለ አንድ ቴአትር ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ምሽት ከኋላ ሆናችሁ እዩት። ካላስገቧችሁ ጽሑፋችሁ ላይ "አላስገቡኝም" ብላችሁ ጻፉ።

ጋሼ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ቀብራቸው ላይ በተነበበው የሕይወት ታሪክ "በተለያዩ ቴአትር ቤቶች በተለያዩ የሥራ መደቦች አገልግለዋል" ተባለ። ያው "ልዩ ልዩ" ነው፣ ትንሽ ጨዋ ሆኖ። በሕይወት እያሉ ማረሚያ እጽፋለሁ ስል ጋዜጣው ተዘጋ፤ ሌላ ጋዜጣ ሲገኝ ደግሞ ያረጀ ነገር ማንሳት አሳፈረኝ። ሰበብ መሆኑን አውቃለሁ። ማረሚያዋ ይህችው ናት፦ በዚያ ምሽት ከመጋረጃው ጀርባ የነበሩት ሰው አልተኙም ነበር። ስልኩም አልዘገየም። ተዋናዩ ሁለት ገጽ ዘሏል። ይህን ማጣራት ለሃያሲው ከመቀመጫው ተነስቶ ሠላሳ እርምጃ መራመድ ብቻ ይጠይቀው ነበር።

ያን ዕለት ዱብሉቅ ላይ ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ጋሼ የጀሪካኑን ውኃ ገመድ ላሰሩልን ሁለት ሴቶች አካፈሉ። ልጆቹ ሻይ ሊጠጡ ሄዱ። እሳቸው መኪናው ጥላ ሥር ተቀምጠው ዕቃቸውን አንድ በአንድ እየቆጠሩ ወደ ቦርሳው መለሱ። ባትሪ ሁለት፣ ፒንሳ፣ ጠመኔ። ካልሲውን አውልቄ አራገፍኩና ሰጠኋቸው። መርፌ ቁልፎቹን ጨርቁ ላይ ሰክተው ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ።

"አንድ ጎደለች" አሉ።

ትነሳና ትገኛለች፣ ካልሆነም አዲስ አበባ ስንገባ አንድ ደርዘን እገዛልዎታለሁ አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና እጃቸውን ዘረጉ።

"ጃኬትህ እጅጌ ላይ ናት፣ መምህር። ሸራውን ከአንተ ጋር ሰፍቼህ ነበር።"